ሐሊማ ያቆመችበት ቦታ

ይህ ነገር የደረሰብኝ ከስድስት ሰባት ዓመት በፊት እዚሁ ሐረር ውስጥ፣ የሰፈር ሴቶች ተሰባስበን የእናቶቻችንን የእጅ ሥራ የምናኖርበት ክፍል ያቋቋምን ጊዜ ነው። ጊዜ ሲያልፍ ይረሳል ይላሉ። እኔ ግን ዛሬም ወስፌ በያዝኩ ቁጥር ፊቴ ይግላል። ጉዴን የሐረር ሴት ሁሉ ስለምታውቀው የምደብቀው የለኝም። ሌላ አገር ያለች እንደኔ ያለች እጀ ፈጣን አንብባ እጇን ትሰብስብ ብዬ ነው የምጽፈው።

ጽጌ እባላለሁ። አያቶቼ ከሸዋ መጥተው እዚሁ የቀሩ ናቸው። ከጀጎል ግንብ ውጭ ብንኖርም ያደግሁት ከሐረሪ ልጆች ጋር ነው። ስፌት ከእናቴ ተማርኩ፤ የሐረሪዎቹን አሰፋፍ ደግሞ ከጎረቤት። አፌ አያርፍም፣ እጄም አያርፍም። ባለቤቴ «አንቺ ሴትዮ፣ አንድ ቀን እኔንም ተኝቼ ሳለ ዳር ዳሬን ትሰፊኛለሽ» እያለ ይቀልድብኝ ነበር። ስቄ አልፈው ነበር። አሁን አልስቅም።

በዚያን ጊዜ ፈረንጆች በመኪና እየመጡ ፈረስ መጋላ አደባባይ ላይ ይወርዱና፣ አስተርጓሚ እየመራቸው ጀጎል ውስጥ ቤት ለቤት ይዞሩ ነበር። የሚፈልጉት አሮጌ ስፌት ነው። የአንዷ እናት፣ የሌላዋ አያት ዕድሜ ልኳን ግድግዳ ላይ የሰቀለችው እየወረደ መኪና ላይ ይጫናል። በምትኩ ግድግዳው ላይ ባለ አበባ የቆርቆሮ ሳህን ይሰቀላል። ሳህኑ ያብረቀርቃል፤ ለአቧራም አያስቸግርም። ማንን ትወቅሻለሽ?

መጀመሪያ የተቆጨችው ፋጡማ ናት። ፋጡማ አብሮ አደጌ ናት፤ ሐረሪ ናት፤ በሴቶቹ አፎቻ ውስጥ፣ ማለት እኛ ዕድር እንደምንለው ባለው ማኅበራቸው፣ የምትደመጥ ሴት ናት። አንድ ቀን ከገበያ ስንመለስ መንገድ ላይ ቆም አለችና፣

«ጽጌ፣ ስሚኝማ» አለችኝ። «እኛ ስንሞት ስማችን አብሮን ይቀበራል። ሥራችን ግን ፈረንጅ አገር ተሰቅሎ ይኖራል። የሐረር ስፌት ነው ይሉታል። ሐረር እጅ አላት እንዴ? ሐረር ትሰፋለች?»

እውነቷን ነው። የማን እጅ እንደሆነ የሚያውቅ የለም፤ የሚጠይቅም የለም።

እንዲህ እንዲህ እያልን፣ ሙስሊሟም ክርስቲያኗም፣ ሴቶቹን ሰበሰብን። አንዲት ባሏ የሞተባት ደግ ሴት ወደ ሸዋ በር ከሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ ካለው ግቢዋ አንድ ክፍል ሰጠችን። ቀይ መደብ ያለው፣ በምሥራቅ በኩል አንዲት መስኮት ያለችው ክፍል ነው። ግድግዳውን ኖራ ቀባነው። ሕጋችን አንድ ብቻ ነበር፦ እያንዳንዱ ስፌት ሲሰቀል የሰፋችው ሴት ስም ከሥሩ ይጻፋል። አባቴ ደብተራ ስለነበሩ ፊደል አስቆጥረውኛል፤ የጽሕፈቱ ሥራ ለእኔ ተሰጠኝ።

ያን ጊዜ ያየሁትን ደስታ እንዴት ልንገራችሁ! አንዷ ሮጣ ትመጣና «የእናቴን አንብቢልኝ» ትለኛለች። ሳነብላት እልል ትላለች። ደግማ «እስቲ አንዴ» ትላለች። አንዲት አሮጊት የራሳቸውን ስም ግድግዳ ላይ ሳነብላቸው ፊታቸውን በሻሻቸው ሸፍነው «ይቺ እኔ ነኝ?» ብለው አለቀሱ።

እኔም አማረኝ። እንዳልዋሽ፣ በጣም አማረኝ። የራሴን አንድ ሰፌድ ይዤ ብሄድ ፋጡማ ሳቀችብኝ። «መጀመሪያ የአሮጊቶቹ። ያንቺን ስትሞቺ እንሰቅልልሻለን» አለችኝ። ሴቶቹ ሁሉ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፣ ግን ከንክኖኝ ሄድኩ።

ክፍሉ ሊከፈት ሲቃረብ ፋጡማ «አይ ዘይነብ ዘንድ ሳንሄድማ አይሆንም» አለች። «አይ» ማለት በሐረሪዎቹ ቋንቋ እናት ማለት ነው። አይ ዘይነብ አቦከር አካባቢ የሚኖሩ፣ በወጣትነታቸው በስፌት የሚደርስባቸው ያልነበረ ሴት ናቸው። ፋጡማን ራሷን ያስተማሩ እሳቸው ናቸው። አሁን ግን ዓይናቸው ደክሞ ብርሃንና ጥላ ብቻ ነበር የሚለዩት።

ቤታቸው ስንገባ ግድግዳው ባዶ ነው። ኖራው ላይ ክብ ክብ ነጭ ቦታ ይታያል፤ ስፌቶቹ ተሰቅለው የነበሩበት ነው። ክፉ ቀን መጥቶ ሁሉንም አንድ በአንድ ሸጠዋል። እኔና ፋጡማ ተያየን።

«የእኔ የለም፣ ልጆቼ» አሉን። «ሁሉም ሄደ። አልሐምዱሊላህ፣ በልተንበታል።»

ከዚያ ግድግዳውን እየዳበሱ ተነሡና ከአልጋቸው በላይ ካለ ችካል ላይ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወረዱ። ጨርቁን ፈቱት።

ትልቅ ትሪ የሚያህል የግድግዳ ስፌት ነው። ቀይና ጥቁር አለላ፣ ሐረጉ ከመሃል እየፈነጠቀ የሚሄድ፣ ጥርት ያለ ሥራ። ግን አላለቀም። ጠርዙ ላይ ጥቂት ዙር ይቀረዋል። ያልተሰፋው የሣር ጫፍ ተንጠልጥሏል፤ አጠገቡ አንዲት ወስፌ እንደተሰካች አለች። ዝጋለች።

«የሐሊማ ነው» አሉ አይ ዘይነብ።

ሐሊማ አንዲት ልጃቸው ነበረች። ጣልያን ከወጣ ከጥቂት ዓመት በኋላ ለሠርጓ እየተዘጋጀች ሳለ ትኩሳት ይዟት ሞተች። ይህን ስትሰፋ የነበረው ለአማቷ ይዛ ልትሄድ ነው። የአገሩ ወግ ነው፤ ሙሽራ ለአማቷ በእጇ የሰፋችውን ትወስዳለች።

አይ ዘይነብ ስፌቱን ጭናቸው ላይ አድርገው እጃቸው ከላዩ አልነሣ ብሏቸው ትንሽ ቆዩ። ከዚያ ወደ እኔ ዘረጉት።

«እኔም ልሄድ ነው። ከእኔ በኋላ የሚያውቃት የለም። ስሟን ጻፉላት። አደራ፣ ጽጌ፣ እንደ ልጅሽ ያዢልኝ።»

«እንደ ልጄ ነው የምይዘው፣ እማማ። ልጄ ትሙት» አልኩ። ማልኩ እኮ! በልጄ ማልኩ።

አሁን እዚህ ላይ አንድ ነገር ካልነገርኳችሁ እብድ ናት ትሉኛላችሁ። በእኛ ቤት፣ ማለት በእናቴ ወገን፣ አንዲት ሴት ስፌት ጀምራ ከሞተች የቤቱ ሴቶች ተቀባብለው ይጨርሱላትና ለተዝካሯ ያደርሱታል። ያልተጨረሰ ስፌት ቤት ውስጥ ካደረ የሟች እጅ አያርፍም ይባላል። እናቴ የእኅቷን ስትጨርስ አጠገቧ ተቀምጬ አለላ አቀብያታለሁ። እኔ እንግዲህ ያደግሁት ይህን እያየሁ ነው።

ስፌቱን ቤቴ አምጥቼ ጠረጴዛ ላይ ሳስቀምጠው ያ የተንጠለጠለ ሣር አንጀቴን በላው። እንደ ልጅሽ ያዢልኝ ብለውኛል። ልጄን ጠጉሯ ሳይሠራ፣ ቀሚሷ ሳይጠለፍ ሰው ፊት አወጣታለሁ? ይህን ያህል ዓመት የዚያች ልጅ እጅ ሳያርፍ! አሮጊቷም ዓይናቸው ስለጠፋ መጨረስ አቅቷቸው ነው እንጂ ብዬ አሰብኩ። ለፋጡማ እንኳ አልነገርኳትም። ላስደንቃት ነበር።

እንዲህ ያለ ጥንቃቄ በሕይወቴ አድርጌ አላውቅም። ፈረስ መጋላ ወርጄ ቀይ የአለላ ቀለም ገዛሁ፤ ሁለት ዓይነት ነበረ፣ ርካሹን ወሰድኩ። ነክሬ ሳወጣው በጣም ደመቀ። የሐሊማ ቀይ ግን በዕድሜ በስሏል። ምን አደረግሁ? ሻይ ቅጠል አፍልቼ እዚያ ውስጥ መልሼ ዘፈዘፍኩት። ሲደርቅ ከሐሊማው ጋር አስተያየሁት፤ ቁርጥ እሱን። ወስፌዋን ከተሰካችበት ስነቅላት ዝጋ ስለነበር እንቢ አለችኝ። ወዘወዝኩና አወጣኋት። የስፌት ሳጥኔ ውስጥ ጣልኳትና የራሴን ወስፌ አነሣሁ።

ከሰዓት ከሰዓት እየተቀመጥኩ ሰፋሁ። የሐሊማ እጅ ጠበቅ ያለ ነው፤ የእኔ ላላ ይላል። እጄን ገርቼ እንደ እሷ አጠበቅሁ። ሲያልቅ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ አሳደርኩት፤ ጠዋት ሳየው የወስፌዋ ቀዳዳ እንኳ ገጥሟል። ለባለቤቴ አሳየሁትና «እስቲ የእኔ ከየት እንደሚጀምር አሳየኝ» አልኩት። ፈለገ፣ ፈለገ፣ አጣው። እንዴት ደስ አለኝ መሰላችሁ! ቀኑን ሙሉ ሳዜም ዋልኩ።

የመክፈቻው ቀን ክፍሉ በሴት ጢም አለ። የማዘጋጃ ቤት ሰዎችም ተጠርተው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። እኔ ነጭ ቀሚሴን ለብሼ በር ላይ እንግዳ ተቀባይ ሆኛለሁ። የሐሊማን ስፌት ከመስኮቱ ፊት ለፊት፣ ብርሃን ደህና አድርጎ በሚያገኘው ቦታ ሰቅዬዋለሁ። ከሥሩ «ሐሊማ፣ የአይ ዘይነብ ልጅ» ብዬ በቀይ ቀለም ጽፌአለሁ።

አይ ዘይነብ በፋጡማ ክንድ ተደግፈው ገቡ። ከቤት ከወጡ ብዙ ጊዜያቸው ስለነበር ሴቱ ሁሉ ተነሣላቸው። አዲስ ሻሽ አስረዋል።

«የታለች?» አሉ።

ስፌቱን አወረድኩና እጃቸው ላይ አኖርኩት። ፋጡማ ገና አላየችውም፤ ጎንበስ ብላ አሮጊቷን መደብ ላይ እያስቀመጠች ነበር።

አይ ዘይነብ «ቢስሚላህ» ብለው ጣታቸውን ጠርዙ ላይ አሳረፉ። ጣታቸው ጠርዙን ይዞ ዞረ። ዞሮ ተመለሰ። እንደገና ዞረ፣ አሁን ቀስ ብሎ። ጎበጥ ብለው ሌላ ቦታ ዳበሱ። ፊታቸው ላይ ፈገግታ ነበር፤ ፈገግታው እንዳለ ሆኖ ቅንድባቸው ተሰበሰበ።

«ልጆቼ፣ ይኼ የሐሊማ አይደለም። ተሳስታችሁ የሌላ ሰው ሰጣችሁኝ» አሉ።

እኔ መከረኛ ይህችን ሰዓት ነበር የምጠብቀው። ሰው ሁሉ እንዲሰማ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣

«የእሷ ነው፣ እማማ! ጨረስኩልዎት እኮ! የሐሊማ እጅ ዐረፈ!» አልኩ።

እልልታ ጠብቄ ነበር። አንዲት ክርስቲያን ሴት ከኋላ ልትጀምር አለችና አፏ ላይ ቀረ። ፋጡማ ቀና ብላ አየችኝ። የፋጡማን ዓይን እንዲህ ሆኖ አይቼው አላውቅም።

አይ ዘይነብ አልጮኹም። ቢጮኹ ይሻለኝ ነበር።

«ወስፌዋስ?»

«ቤቴ... ሳጥን ውስጥ አስቀምጫታለሁ» አልኩ። ድምፄ ሳይታወቀኝ ወርዷል።

«እሺ። የቱ ጋ ነው ያቆመችው? ጣቴን አኑሪልኝ።»

አጠገባቸው ተንበረከክሁ። ከጫፉ ሁለት ዙር ገባ ብሎ እንደሆነ አውቃለሁ። ዙሩ ላይ የቱ ጋ እንደሆነ ግን... አገላበጥኩት። ወደ መስኮቱ አዞርኩት። በጥፍሬ ዳበስኩ። ጀርባውን አየሁ። ፋጡማ ቀማችኝና እሷም ፈለገች። ከሴቶቹ መካከል ስፌት አዋቂ የተባሉት እየመጡ ፈለጉ። የማዘጋጃ ቤቱ ሰዎች ምን እንደተፈጠረ ሳይገባቸው ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ያዩናል። የእኔና የሐሊማ ስፌት አንድ ሆኗል። እንዳይለይ አድርጌ የሰፋሁት እኔው ነኝ! ያን ዕለት መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«አላገኘሁትም፣ እማማ» አልኩ።

አይ ዘይነብ እጄን ፈልገው ያዙት። ጣቶቼን አንድ በአንድ ዳበሱ።

«እጅሽ ጥሩ ነው» አሉ። «ወላሂ፣ ጥሩ እጅ ነው።»

ከዚያ ለፋጡማ «ወደ ቤት ውሰጂኝ» አሏት። እኔ እዚያው እንደተንበረከክሁ ቀረሁ። በሕይወቴ ስለ እጄ ብዙ ምስጋና ሰምቻለሁ። እንደዚያ ያቃጠለኝ የለም።

በማግሥቱ ፋጡማ ቤቴ መጣች። አልተቀመጠችም።

«ዓይናቸው ከጠፋ ወዲህ ሁልጊዜ ንጋት ላይ ሱብሒ ከሰገዱ በኋላ ጣታቸውን እዚያች ቦታ ላይ አድርገው ነው ዱዓ የሚያደርጉላት» አለችኝ። «ልጅቷ ትኩሳቱ ሲጀምራት ውኃ ልጠጣ ብላ ወስፌዋን ሰክታ ተነሣች። አልተመለሰችም። እዚያች ቦታ ላይ ነው ያለችው ይላሉ።»

«ለምን አልነገርሽኝም!» ብዬ ጮህኩባት።

«ያልተጨረሰ ነገር አትንኪ ተብሎ ይነገራል? ደግሞ አንቺ መች ሰው ታስጨርሻለሽ!» ብላ ጥላኝ ወጣች።

እውነቷን ነው። ወስፌዋን ይዤ እያለቀስኩ አይ ዘይነብ ዘንድ ሄድኩ። እግራቸው ላይ ወደቅሁ። «ልፍታው፣ እማማ፤ የእኔን በሙሉ ልፍታው» አልኳቸው።

«ስትፈቺ የት ጋ ታቆሚያለሽ?» አሉኝ። «የቱ ያንቺ እንደሆነ ሳታውቂ የእሷን ትፈቺብኛለሽ። ተይው።»

«እንግዲያው ሁሉንም በእሷ ስም ብቻ እተወዋለሁ።»

ይህን ጊዜ ተቆጡ። ያን ሁሉ ቀን ያልተቆጡት ሴትዮ አሁን ተቆጡ።

«ያልሰፋችውን? ልጄ ውሸት አትወድም ነበር። ስምሽን ከሥሯ ጻፊ። ወስፌዋንም ያዢያት፤ የት ልሰካት?»

ሄጄ ጻፍኩ። ስሜ እዚያ ግድግዳ ላይ እንዲወጣ ስመኝ ነበር፤ ወጣ። ፊደሉ ተጣመመብኝ። ከዚያ ወዲያ እዚያ ክፍል እግሬን አላስገባሁም። በዚያ መንገድ ማለፍ ቢኖርብኝ እንኳ ዞሬ እሄዳለሁ። ገበያ ላይ ሴቶች ቆመው ሲያወሩ ካየሁ ስለ እኔ ይመስለኛል፤ ምናልባትም ስለ እኔ ነበር። ስፌቴን ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩት። ባለቤቴ እንኳ ቀልዱን ተወ።

ለአይ ዘይነብ ግን ዓርብ ዓርብ እየሄድኩ ውኃ መቅዳት ጀመርኩ። እንዲወዱኝ ብዬ አይደለም። ሌላ የምሠራው ስላጣሁ ነው። ብዙም አያናግሩኝም ነበር፤ አያባርሩኝምም።

እንዲህ እያለ ጥቂት ዓመት አለፈ። ዘንድሮ በበጋው አንድ ጠዋት ፋጡማ እያለከለከች መጣች። ከእኔ ጋር ታርቃለች፤ ቢሆንም በዚያ ሰዓት መጥታ አታውቅም።

«ነጠላሽን ልበሺ፣ ተነሽ!»

«ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተ። ነይ ብቻ!»

እጄን ይዛ እየጎተተች ወሰደችኝ። ወዴት እንደሆነ ሲገባኝ ልመለስ ዞርኩ፤ ገፋ አድርጋ አስገባችኝ። የጠዋት ፀሐይ በዚያች መስኮት ገብታ ልክ የሐሊማ ስፌት ላይ አርፋለች። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ጠዋት ጠዋት እዚያው ላይ ስታርፍ ኖራለች።

ቀና ብዬ አየሁ። የሐሊማ ቀይ እንደ ጥንቱ ነው። ጠርዙ ላይ ያለው ግን፣ የእኔው ነገር፣ የሽንኩርት ልጣጭ መስሏል። ሻዩም ቀለሙም ትቶት ሄዷል። ቀዩ ዙሩን ይዞ ይመጣል፣ ይመጣል፣ አንዲት ቦታ ላይ ቀጥ ይላል። ከዚያ ወዲያ ገርጣ ያለው ይቀጥላል።

«አየሽው?» አለች ፋጡማ።

አየሁት። አፌን በነጠላዬ ይዤ ጮህኩ።

ስፌቱን አውርደን ወደ አቦከር ሮጥን። ሁለት ትልልቅ ሴቶች ነን፤ መንገደኛ እየዞረ ያየናል። እኔ መንገድ ላይ ተለይቻት ቤቴ ገብቼ ወስፌዋን ይዤ ደረስኩባት።

አይ ዘይነብ አሁን ብርሃኑም ጠፍቶባቸዋል፤ ከአልጋም አይነሡም። ፋጡማ ትራስ ደግፋ አስቀመጠቻቸው። እኔ ስፌቱን ጭናቸው ላይ አደረግሁ።

«እማማ፣ ጣትዎን ይስጡኝ» አልኩ።

«ምን ሆነሻል? ትንፋሽሽ...»

«ይስጡኝ ብቻ።»

ጣታቸውን ይዤ በጠርዙ ላይ አስኬድኩ። «ይኼ እሷ ናት። ይኼም እሷ ናት። ይኼም...» እያልኩ። ከዚያ አቆምኩ። «እዚህ ጋ ነው።»

ጣታቸው ደርቆ ቀረ።

«እንዳታታልዪኝ» አሉ። ድምፃቸው የሕፃን ሆነ። «ዓይን የለኝም፣ ጽጌ። ደስ እንዲለኝ ብለሽ እንዳታታልዪኝ።»

«ልጄ...» ብዬ ልምል ስል የድሮው መሐላዬ ትዝ አለኝና አፌን ያዝኩ። ፋጡማ መለሰችላቸው። «እውነቷን ነው፣ አይ። የጽጌ ቀለም ሸሽቷል። የሐሊማ አለ።»

«ሸሽቷል?»

«ገርጥቷል» አልኩ። «የሽንኩርት ልጣጭ ሆኗል።»

«ቀለሙን ከየት ገዛሽ?»

«ከፈረስ መጋላ።»

«ርካሹን?»

«አዎ፣ እማማ። ርካሹን።»

አይ ዘይነብ ሳቁ። ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። «አላህ ነጋዴውን ይባርከው!» አሉ። እየሳቁ እንባቸው ወረደ። እኔና ፋጡማም አብረን አለቀስን፤ አብረን ሳቅን።

ወስፌዋን መዳፋቸው ላይ አኖርኩላቸው። ጣታቸውን ከቦታው ሳያነሡ በሌላ እጃቸው ጫፏን አስጠጉና ሰኳት። ከዚያ ከንፈራቸው መንቀሳቀስ ጀመረ። ፋጡማ በዓይኗ በሩን አሳየችኝ፤ ዱዓቸውን ትተንላቸው ወጣን።

ስፌቱ እሳቸው ዘንድ እንዲቀር ለምኛቸው ነበር። እንቢ አሉ። «ለስሟ ነው የሰጠሁት፤ እዚያው ይሰቀል። ስትናፍቀኝ ተሸክማችሁ ውሰዱኝ» አሉ። በሰው ጀርባ ታዝለው አልፎ አልፎ ይመጣሉ፤ እኔ ጣታቸውን አሳርፍላቸዋለሁ።

አሁን ወደዚያ ክፍል እሄዳለሁ። ሳምንት ሳምንት በር የምከፍተው እኔ ነኝ። ኀፍረቴ ለቆኛል ብዬ አልዋሽም። የትምህርት ቤት ልጆች ይመጣሉ፣ እንግዶች ይመጣሉ፣ ከሶፊ ጫት ይዘው የወረዱ ሴቶችም ጎራ ይላሉ። ይህን ሁሉ የሚያምር ሥራ አይተው አይተው ሁሉም እዚያው መስኮት ፊት ለፊት ይቆሙና ጠርዙን ይጠቁማሉ። «ይኼ ምን ሆኖ ነው የገረጣው?» ይላሉ።

ያን ጊዜ ፊቴ ይግላል። ሌላ ሰው ቢመልስልኝ በወደድኩ፤ ግን መላሿ እኔ ነኝ።

«እስከዚህች ወስፌ ድረስ የሐሊማ ነው» እላለሁ። «የገረጣው የእኔ ነው።»